ሐሪየት ፓወርስና ድሪቶዎቿ

በአሜሪካ ርእሰ ከተማ በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አንድ አሮጌ የአልጋ ልብስ ተጠብቆ ይኖራል። ልብሱ ባንድ ጎኑ 1.9 ሜትር፣ በሌላው ጎኑ 2.2 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተበጅተው የተሰፉ ሰዎች፣ አራዊት፣ ከዋክብትና መላእክት በ11 ክፍሎች ተደልድለው ይታዩበታል። አዳምና ሔዋን አሉ፤ ቃየልና አቤል አሉ፤ ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል አለ፤ ይሁዳና የተቀበለው 30 ብርም አሉ። ይህን ሁሉ በመርፌና በክር ያዘጋጀችው፣ በባርነት ተወልዳ በባርነት ያደገችው የጆርጂያዋ ገበሬ ሐሪየት ፓወርስ ናት። ሥራው ከእጇ የወጣው በ5 ዶላር ነበር።

የዋጋው ነገር ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ተጽፏልም። ከዋጋው ባልተናነሰ ሊመረመር የሚገባው ግን ለሠሪዋ የተሰጣት ስም ነው። ሐሪየት ለረጅም ዘመን ስትታወቅ የኖረችው ፊደል እንዳልቆጠረች፣ የሰማችውን ስብከት በየዋህነት ወደ ጨርቅ እንደ ገለበጠች ደግ አሮጊት ተደርጋ ነው። የሥራ ሕይወቷን አንድ በአንድ ለተከታተለ ሰው ይህ ገጽታ በእግሩ የሚቆም አይደለም።

አሜሪካውያን ‹‹ክዊልት›› የሚሉት ይህ ዓይነቱ የአልጋ ልብስ በአማርኛ የቅርብ ዘመዱ ድሪቶ ነው። ድሪቶ የሚለው ቃል ሲነሣ ወደ አእምሮ ፈጥኖ የሚመጣው ድህነት ነው፤ ያለቀ ልብስ በሌላ ያለቀ ልብስ ተደርቶ፣ እራፊ በእራፊ ላይ ተጥፎ ብርድ የሚከላከሉበት የችግር ልብስ ነውና። የክዊልትም መነሻው ከዚህ አይርቅም። አሠራሩ ግን የራሱ ሥርዐት አለው። ሦስት ንጣፎች አሉት፤ ይኸውም ከላይ ልዩ ልዩ ጨርቅ የተገጣጠመበት ወይም ሥዕል የተለጠፈበት ፊቱ፣ ከሥር ገበሩ፣ በመካከል ደግሞ ሙቀት የሚሰጠው ባዘቶ ነው። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱና ባዘቶው ባንድ በኩል ተጠቅልሎ እንዳይቋጠር ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። በአሜሪካ ደቡብ ክፍል፣ በባለርስቱ ቤት የሚዘረጋውን ጌጠኛ ክዊልት የሚሰፉት ብዙ ጊዜ በባርነት የተያዙት ሴቶች ነበሩ፤ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚሰፉት ደግሞ ከጌታው ቤት ከተረፈ ብጥስጣሽና ከላያቸው ካለቀ የሥራ ልብስ ነበር።

ሐሪየት የተወለደችው በኦክቶበር 29 ቀን 1837 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የትውልድ አገሯ በጆርጂያ ግዛት፣ ስሟን ከግሪኳ ከተማ ከተዋሰችው ከአቴንስ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ምድሩ የጥጥ ምድር ነው። ኤሊ ዊትኒ የተባለው ሰው በ1793 በዚያው በጆርጂያ የጥጥ መዳመጫ መኪና ከፈለሰፈ ወዲህ ጥጥ ሁሉንም ነገር አሸንፎ ነበር። መኪናው ፍሬውን ከጥጡ የመለየቱን ድካም አቃለለ፤ የመዝራቱን፣ የማረሙንና የመልቀሙን ድካም ግን ለሰው ጫንቃ ተወው። ከዚህም የተነሣ የመሣሪያው መሻሻል ባርነትን በማሳጠር ፈንታ አስረዘመው። በ1790 በአሜሪካ 700,000 ያህል የነበረው በባርነት የተያዘ ሕዝብ በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። የሐሪየት ልጅነትና ወጣትነት ያለፈው በዚህ ቁጥር ውስጥ ነው።

ስለ ስፌት ሲወራ ስለ ቀለም አለማንሣት አይቻልም። በ1930ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን አሰማርቶ በሕይወት የቀሩትን የቀድሞ ባሮች ቃል ባስመዘገበ ጊዜ፣ ብዙዎቹ እናቶቻቸው ክር ሲፈትሉ፣ ሲሸምኑና ጨርቅ ሲነክሩ እንደሚያስታውሱ ተናግረዋል። ከዋልነት ዛፍ ልጥና ከፍሬው ልባስ ቡናማ፣ ከሌሎች ሥራ ሥሮችና ቅጠሎች ቢጫና ቀይ ይወጣ ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ግን ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ ነበር። የኢንዲጎ ተክል በአጎራባቿ በደቡብ ካሮላይና ከ1740ዎቹ ጀምሮ ለአውሮፓ ገበያ የለማ ሲሆን፣ በጆርጂያም የባሕር ዳርቻ ተስፋፍቶ ነበር፤ ቅጠሉን ሲያጭዱና በሚከረፋ ገንዳ ሲዘፈዝፉ የኖሩትም ባሮቹ ናቸው። በኢንዲጎ የሚነከር ጨርቅ ከጋኑ ሲወጣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው በተመልካች ዐይን ፊት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይህን አይቶ ያደገ ልጅ ቀለም በጨርቅ ላይ የሚቀባ ነገር ብቻ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ የሚሆን ሥራ እንደ ሆነ ያውቃል።

ሐሪየት በ1855 አርምስቴድ ፓወርስን አገባች። ቢያንስ 9 ልጆች ወልዳለች። ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ባርነት በሕግ ሲሻር የ28 ዓመት ሴት ነበረች። በ1870 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አርምስቴድን የእርሻ ሠራተኛ ሲል፣ ሐሪየትን ቤቷን የምትጠብቅ ሴት ብሎ መዝግቧታል። የቆጠራ ጸሐፊዎች ቃል ምን ያህል ሥራ ውጦ እንደሚያስቀር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጥጥ በሚዘራበት ሰሞን የምትዘራ፣ በሚታረምበት ሰሞን መቆፈሪያ ይዛ የምትወጣ፣ ከበጋው ማለቂያ እስከ ክረምቱ መግቢያ በጎንዋ ከረጢት አንጠልጥላ የምትለቅም፣ ማታ ቤተሰብ የምታበላና የምታለብስ ሴት ሁሉ በመዝገብ ላይ ቤቷን ጠባቂ ናት። መርፌ የሚነሣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በ1880ዎቹ ባልና ሚስቱ 4 ኤከር፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ መሬት ገዙ። ከነጻነት በኋላ አብዛኛው ጥቁር ገበሬ የሌላውን መሬት እያረሰ እኩሌታውን ምርት ለባለመሬቱ በሚያስረክብበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1886 በአቴንስ የጥጥ ትርዒት ተደረገ። ገበሬው ምርቱን፣ ከብቱን፣ ሴቶቹም የእጅ ሥራቸውን ያቀርባሉ። ሐሪየት ያቀረበችው ከላይ የተጠቀሰውን ባለ 11 ክፍል ሥራ ነው። ከተመልካቾቹ አንዷ ጄኒ ስሚዝ የተባለች ሠዓሊ ነበረች። ስሚዝ በባልቲሞር፣ በኒውዮርክና በፓሪስ ሥዕል የተማረች፣ በአቴንስ በነበረው ሉሲ ኮብ በተባለው የነጮች ሴቶች ትምህርት ቤት ሥዕል የምታስተምር ሴት ናት። ከድርድሩ መካከል ይህን ሥራ ባየች ጊዜ እግሯ እንደ ተያዘ፣ ሠሪዋንም እስክታገኝ አጥብቃ እንደ ፈለገች ራሷ ጽፋለች። አግኝታም ልግዛሽ አለቻት። ሐሪየት በምንም ዋጋ አልሸጥም ብላ መለሰች።

ይህን መልስ አንባቢ በቸልታ እንዳያልፈው ያስፈልጋል። አንድ ሰው ለገበያ ያልሠራውን ነገር፣ ገንዘብ ያላት፣ የተማረች፣ በዚያች ከተማ ሥርዐትም የበላይ የሆነች ሴት ስትጠይቀው እምቢ ማለቱ፣ ሥራው ምን እንደ ሆነ ጠንቅቆ ማወቁን ያሳያል።

ቀጥሎ የመጣው ግን የጥጥ ገበያ ነው። በ1890ዎቹ የጥጥ ዋጋ እየወደቀ ሄደ፤ በ1894 የአንድ ፓውንድ የተዳመጠ ጥጥ ዋጋ ከ5 ሳንቲም በታች ወረደ። በደቡብ የነበረው ትንሽ ገበሬ ሁሉ በዕዳ ተያዘ፤ የፓወርስ ቤተሰብም ከዚያችው ከ4 ኤከር መሬቱ እየቆረሰ መሸጥ ግድ ሆነበት። ከመሬቱ ጋር በአንድ ሰሞን ሥራውም ለሽያጭ ተነሣ። ሐሪየት መጀመሪያ እንደምትሸጥ ለስሚዝ ላከችባት፤ ያን ጊዜ ስሚዝ ገንዘብ አልነበራትም። ቆይታ ስሚዝ ራሷ ብትገዛ እንደምትወድ አሳወቀች። ሐሪየት በበሬ ጋሪ ሆና፣ ሥራዋን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት፣ ከረጢቱንም በጆንያ ጠቅልላ በጭኗ ላይ አድርጋ ከስሚዝ በር ደረሰች። 10 ዶላር ጠየቀች። ስሚዝ ያለኝ 5 ነው አለች። ሐሪየት ከባሏ ጋር ተመካከረች፤ ዘመኑ ክፉ ስለ ሆነ ተቀበይ አላት፤ ተቀበለች። በ1894 ዋጋ ቢሰላ 5 ዶላር ማለት ከ100 ፓውንድ ጥቂት የሚያልፍ የተዳመጠ ጥጥ ማለት ነው።

ሐሪየት ከመሄዷ በፊት ግን ያደረገችው ነገር አለ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያሳየች ትርጓሜያቸውን ለስሚዝ ነገረቻት። ከዚያም በኋላ ሥራዋን ለማየት ብላ በተደጋጋሚ ወደ ገዢዋ ቤት ተመላልሳለች። ስሚዝ የቁርጥራጭ ጨርቅ ትርፏን ሁሉ እንደምታጠራቅምላት ቃል በገባችላት ጊዜ ብቻ ጥቂት እንደ ተጽናናች ተጽፏል።

ስሚዝ ይህን ሁሉ በ18 ገጽ የእጅ ጽሑፍ አስፍራዋለች። ጽሑፉ ባይኖር የሐሪየት ስም ከሥራዋ ጋር አብሮ ባልተላለፈ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከጥቁር ሴቶች እጅ ከወጣው ስፌት ስንቱ ያለ ስም እንደ ቀረ የሚቆጥረው የለም። በዚህ ረገድ ስሚዝ ባለውለታ ናት። ነገር ግን የሐሪየትን ንግግር የጻፈችው በተሰባበረ የገጠር አነጋገር አድርጋ፣ ለከተማ አንባቢ ፈገግታ እንዲሆን አጣፍጣ ነው። ‹‹የዋህነት›› የሚለው ቃል ሥር የሰደደው ከዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ማየት ይበቃል። በመጀመሪያው ክፍል አዳምና ሔዋን በገነት ናቸው፤ ዝሆን፣ ግመል፣ ሌዋታንና ሰጎን በዙሪያቸው አሉ፤ እባቡም ሔዋንን ያነጋግራታል። ስሚዝ ከተሳሉት እንስሳት ሁሉ እግር የተሠራለት እግር የሌለው እባብ ብቻ መሆኑን እንደ አስቂኝ ስሕተት መዝግባዋለች። አንድምታ ሲተረጎም ሰምቶ ላደገ ሰው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እባብ በሆዱ እንዲሳብ የተፈረደበት ሔዋንን ካሳተ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ሐሪየት የሳለችው ከፍርዱ በፊት ያለውን ሰዓት ነው። እግሩን የሰጠችው መጽሐፉን ባለማወቅ ሳይሆን፣ ከሥዕል አስተማሪዋ ይልቅ ጠለቅ አድርጋ በማንበብ ወይም በማሰላሰል ነው ለማለት ይቻላል።

የአሠራሯም ዘዴ የየዋህ አይደለም። ቅርጾቹ ከጥልቀትና ከጥላ የጸዱ ናቸው፤ ሰው፣ እንስሳ፣ ፀሐይ ሁሉ በአንድ ቀለም ተቆርጠው በመደቡ ላይ ያርፋሉ፤ መጠናቸውም የሚወሰነው በታሪኩ ውስጥ ባላቸው ክብደት ነው። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ስትሄድ በተራ በተራ ክፍል የሚተርከውን የአገራችንን የሸራ ሥዕል የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ዓይነቱን አተራረክ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም። ቅርጾቹን መደቡ ላይ የሰፋችውም በእጅ ብቻ አይደለም፤ የስፌት መኪናም ተጠቅማለች። ከአንድ ነገር ጋር ሊጠቀስ የሚገባው የቀለም ነገር ነው። በ1856 የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ቀለም በእንግሊዝ ከተገኘ ወዲህ ፋብሪካዎች ርካሽና ደማቅ ጨርቅ ወደ ገጠር ሱቆች ያጎርፉ ነበር። በ1880ዎቹ ለጥጥ ጨርቅ የወጡት አዳዲስ ቀለሞች፣ በተለይም ኮንጎ ቀይ የተባለው፣ በፀሐይና በእጥበት የሚሸሹ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን በደቡብ የተሠሩ ብዙ ክዊልቶች ላይ ቀይ የነበረው ዛሬ ቡናማ ሆኗል። የሐሪየትም ሥራ ዛሬ በሙዚየም ሲታይ ተቀብሮ እንደ ወጣ አፈር የደበዘዘ ነው። ተመልካች ይህን ድብዝዝነት የሠሪዋ ምርጫ አድርጎ እንዳይወስደው ይገባል፤ በትርዒቱ ቀን የታየው ከዚህ እጅግ የደመቀ ነበር።

በ1895 በአትላንታ ትልቅ ዓለም አቀፍ የጥጥ ግዛቶች ትርዒት ተከፈተ። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የጥቁሮችና የነጮች ኑሮ ምን መሆን እንዳለበት የተናገረው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ንግግር የተሰማው በዚሁ ትርዒት መክፈቻ፣ በሴፕቴምበር 18 ቀን ነው። ስሚዝ የገዛችው ሥራ ለጥቁሮች በተለየው ሕንፃ ውስጥ ታየ። በብዙዎች ዘንድ እንደሚታመነው፣ ከተመልካቾቹ መካከል የነበሩ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሚስቶች ሁለተኛ ሥራ እንድትሠራላቸው አዘዟት። ያም ሥራ ባለ 15 ክፍል ሲሆን፣ በ1898 የዩኒቨርሲቲው የበላይ ጠባቂ ቦርድ አባል ለነበሩት ለቄስ ቻርልስ ካትበርት ሆል ተበረከተ።

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው የሚለየው የሰማይና የምድር ዜና ስለ ገባበት ነው። ኢዮብ፣ ዮናስ፣ ሙሴ የሰቀለው እባብ፣ ስቅለቱ በየክፍላቸው አሉ፤ በመካከላቸው ግን የዓመተ ምሕረት ታሪክ ተሰክቷል። ሜይ 19 ቀን 1780 በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ቀኑ የጨለመበት፣ ዛሬ በደን ቃጠሎ ጢስ እንደ ሆነ የሚታወቀው ክሥተት አለ። ኖቬምበር 13 ቀን 1833 ሌሊት ከዋክብት እንደ ዝናብ የረገፉበት አለ። ይህ ሐሪየት ከመወለዷ አራት ዓመት አስቀድሞ የሆነ ነገር ነው። በባርነት የነበሩ ሰዎች ልደታቸውንና ሽያጫቸውን ከዋክብት ከረገፉበት ሌሊት በፊትና በኋላ እያሉ ይቆጥሩ ነበርና፣ ቀኑን ከአባቶቿ አፍ ተቀብላ በጨርቅ ላይ አሳርፋዋለች። በ1846 ሰማዩ የቀላበት ሌሊትም አለ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በፌብሩዋሪ 1895 የወረደው ውርጭ፣ ቀዝቃዛው ሐሙስ የተባለው ክፍል ነው። አንዲት ሴት እየጸለየች ደርቃ ቀርታለች፤ ሌላዋ ከደጃፍ ላይ ደርቃለች፤ አንድ ሰው የዱቄት ከረጢት እንደ ተሸከመ ቀርቷል፤ አንዱም ከአረቄ ገንቦው አጠገብ ቀርቷል፤ ከበቅሎ አፍንጫ የወጣው ትንፋሽ በረዶ ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ወፎቹም አልቀዋል። ጸሎተኛዋና ጠጪው በአንድ ብርድ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ወድቀዋል። ሐሪየት በዚህ ክፍል ማንንም አልፈረደችም፤ እንዲህ ሆነ ብላ መዝግባለች እንጂ።

ፍርድ የሰጠችው በሌላ ክፍል ነው። በቨርጂኒያ የነበሩ፣ ስለ እግዚአብሔር ምንም ያልተማሩ ሁለት ባለጠጎች ወደ ዘለዓለም ቅጣት ሲሄዱ የሚያሳየው ነው። ስማቸውን ጠርታ፣ ሰዓቱን አንድ ላይ እንዲያቆሙት ለወላጆቻቸው እንደ ነገሯቸው አስረድታለች (ያ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሰባት ነው)። ከሥራቸው ደግሞ ቤትስ የምትባል አሳማ አለች። ይህች አሳማ ከጆርጂያ እስከ ቨርጂኒያ 500 ማይል የሮጠች፣ ለማንም የማትገዛ ተብላ የተገለጸች ናት። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ወደ ሰሜን የተደረገ ሩጫ ከባርነት ያመለጡትን ሰዎች በስውር የሚያነሣ ነው ይላሉ። ትርጓሜው የተመራማሪዎቹ ነው፤ ሐሪየት ግን ለአሳማዋ ከባለጠጎቹ ጋር በአንድ ክፍል ቦታ መስጠቷና ነጻነቷን በግልጽ መጥራቷ እርግጥ ነው።

ስለ ጥበቧ ምንጭ ሲነሣ በምዕራብ አፍሪካ የዳሆሜ መንግሥት መናገሻ በነበረችው በአቦሜ የሚሠራው ልጥፍ ስፌት ይጠቀሳል። በዚያም የነገሥታቱ ታሪክ፣ አንበሳው፣ ዓሣው፣ ጦረኛው በአንድ ቀለም ተቆርጦ በመደብ ላይ ይሰፋል። መመሳሰሉ ለዐይን ግልጽ ነው፤ የአፍሪካ ልጆች በባርነት ሲጋዙ የእጅ ጥበባቸውን ሁሉ በባሕር ላይ ጥለው አልሄዱምና ግምቱ መሠረት አለው። ሆኖም የአቦሜው ስፌት ለቤተ መንግሥት የተለዩ ወንዶች ሙያ ነበር፤ ሐሪየት ደግሞ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በሕግ ከታገደበት ከ1808 በኋላ 29 ዓመት ቆይታ በጆርጂያ የተወለደች ሴት ናት። ሥራዋን ሁሉ ለሩቅ አያት ውርስ መስጠት፣ ሁሉን ለስብከት እንደ መስጠት፣ ለራሷ የሚተርፍ ነገር አሳጥቶ ሊያስቀር ይችላል።

ለዚህ ማስረጃው በ2009 ይፋ ሆነ። ኪራ ሂክስ የተባለች ተመራማሪ በዚያ ዓመት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሐሪየት በ1896 በአይዋ ግዛት በኪዮከክ ከተማ ለነበረች ለሎሪን ዳይቨር የላከችውን ደብዳቤ አወጣች። ያልተማረች የተባለችው ሴት ማንበብን እንዴት እንደ ተማረች ትናገራለች። በ11 ዓመቷ የጌቶቿ ልጆች በፖፕላር ዛፍ ቅጠል ላይ የፊደሉን ድምፅ አሳይተዋታል፤ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ብቻዋን እየሄደች ራሷን አስተምራለች። ለባሪያ ማንበብ ማስተማር በጆርጂያ ሕግ በሚያስቀጣበት ዘመን የሆነ ነገር ነው።

በዚያው ደብዳቤ የሥራዎቿን ዝርዝር ትሰጣለች። በ1872 በአልማዝ ቅርጽ ከተቆረጡ 4,050 ቁራጮች አንድ ክዊልት ሠራች። እያንዳንዱ ቁራጭ አራት ጎን አለው፤ አንዱ ጎን ለሁለት ጎረቤት ስለሚያገለግል የመጋጠሚያው ስፌት ወደ 8,000 ይጠጋል። በ1882 የቤተ ክርስቲያን አባል ከሆነች በኋላ የጌታን እራት የሚያሳይ 2,500 ቁራጮች ያሉት ሌላ ሥራ አዘጋጀች። በ1887 ደግሞ በአቴንስ በተደረገ የጥቁሮች ትርዒት ላይ ባለ ኮከብ ሥራ አቀረበች። ቁራጮቿን የቆጠረች፣ ዓመቶቿን የያዘች፣ ሥራዎቿን በተራ የምታስታውስ ሴት ናት። ጄኒ ስሚዝ በ1886 ከትርዒቱ ድርድር መካከል ያገኘቻት ሠሪ፣ ያን ጊዜ ቢያንስ የ14 ዓመት የታቀደ ሥራ ከኋላዋ ነበራት።

በ1890ዎቹ አጋማሽ ሐሪየትና አርምስቴድ ተለያዩ። እርሷ በስፌት እየተዳደረች እንደ ኖረች ይገመታል። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ፎቶግራፍ አላት። በፎቶግራፍ ቤት መጋረጃ ፊት ቆማ ትታያለች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ በላዩ ሽርጥ አድርጋለች። በሽርጧ ላይ ከጨርቅ የተቆረጡ ኮከብና ሌሎች የሰማይ ምልክቶች ተሰፍተዋል። ለአንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ስትነሣ መታወቅ የፈለገችው በዚሁ ነው።

የሞተችው በጃንዋሪ 1 ቀን 1910 በ72 ዓመቷ ነው። ይህ ቀን የታወቀው በአቴንስ በሚገኘው የጥቁሮች መካነ መቃብር፣ ጎስፕል ፒልግሪም በተባለው ስፍራ፣ በ2005 የመቃብሯ ድንጋይ ከተገኘ በኋላ ሲሆን፣ ቀደም ሲል ጸሐፊዎች 1911 ይሉ ነበር። ባለ 15 ክፍሉ ሥራ ከሆል ቤተሰብ ወጥቶ በማክሲም ካሮሊክ አማካይነት በ1964 ወደ ቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባ፤ ባለ 11 ክፍሉ ከስሚዝ ሞት በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለስሚዝሶንያን ተሰጠ። ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ሆነው ለሕዝብ የታዩት ለመጀመሪያ ጊዜ በ2021 በቦስተን በተከፈተ ኤግዚቢሽን ነው። ባለ 4,050 ቁራጩ፣ የጌታ እራቱና ባለ ኮከቡ እስከ ዛሬ አልተገኙም።